የተሰነጠቀ ጋን

ግንቦት ላይ ነው የበሬሳ ዳር ጨፌ የተደፈነው፣
ገልባጭ መኪና ሌሊት ሌሊት ገረጋንቲ እያመጣ የጫነው።
መጋዘን ሊሠራ ነው አሉ። ይሠራ፣ እኔ ምን አገባኝ፤
ብቻ ክረምቱ ሲገባ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤
ሐምሌ በመጣ ቁጥር፣ ከመስኮቴ ማዶ
ሲንጫጫ የሚያድረው ያ የውኃ መንደር፣ ዝም አለ ተንዶ።

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣ አስፋልቱ ላይ አየኋቸው፤
አይሱዙ እንደ ጥጥ የዳመጣቸው፤
መቁጠር ጀመርኩ።
ሠላሳ ላይ ስደርስ ተውኩ።

ከነዚያ የተረፈች አንዲት ጉርጥ፣
በአጥሬ ሥር ሾልካ፣ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ግርጌ ቁጭ፣ ፍጥጥ፤
ጀርባዋ እንደ ተቆላ ሽምብራ፣ ዓይኗ የወርቅ ፈርጥ።
አየኋት፣ አየችኝ።
«ቤት የለሽም?» አልኳት፤
ጉሮሮዋን ነፋ ነፋ አድርጋ መለሰችልኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ከድርና ማግ ጋር ኖሬ፣
ለማላውቀው ትከሻ ሁሉ ሙቀት ስሸምን ከርሜ አድሬ፣
የደብረ ብርሃንን ውርጭ አውቀዋለሁ፤
በኅዳር ሌሊት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ጠጥሮ፣
ሲሰነጠቅ ሰምቼዋለሁ።
ይቺ ደግሞ ቆዳዋ ስስ፤ ጋቢ የላት፣ በርኖስ የላት፤
እንዴት ብዬ ለውርጭ ልስጣት?

የእናቴ የጠላ ጋን አለ፤ ወገቡ የተሰነጠቀ፣
ለምንም የማይሆን፣ ግን ከጓዳ ያልራቀ።
ከጎመኑና ከጌሾው መሐል፣ ጥላ የማያጣ ቦታ ቆፍሬ፣
በጎኑ አጋደምኩት፣ ግማሹን አፈር አለበስኩት፣
አፉን ከነፋሱ አዞርኩት፣
ሆዱን በእርጥብ ቅጠልና በበሰበሰ ጭድ ጎዘጎዝኩት።
አጠገቡ አሮጌ ሳፋ ቀበርኩ፣ እስከ ከንፈሩ፣
የድንጋይ ደረጃ ሠራሁለት፣ ገብተው እንዳይቀሩ፤
ውኃው የዝናብ ነው፣ ከቆርቆሮ የወረደ፣
በርሜል ውስጥ ሰንብቶ የበረደ።
ለጎመን ትል የገዛሁትንም መርዝ ለባለሱቁ መለስኩ፤
«ምነው፣ አልሠራም?» አለኝ።
«ሠራ እንጂ» አልኩት፣ «እሱ ነው የቸገረኝ።»

እመት ደብሪቱ ባጥር ብቅ ብላ፣ ሳፋውንም ጋኑንም አየች፤
«ወሰንየለሽ፣ እውነትም ወሰን የለሽ!» አለች፤
«ጓጉንቸር ፈርዖን ቤት የገባው በመቅሰፍት፣
ከቡሃቃው ከምድጃው ብቅ ሲል ነው ግብፅ ያለቀሰችበት፤
አንቺ ጭራሽ ጎጆ ቀለስሽለት?»
«የፈርዖኖቹ ወንዝ ነበራቸው» አልኳት፣ «የኔዎቹ የላቸውም።»
ሳቀች። ልጇ ምንያህልም ከኋላዋ አልቀረም፤
«እንቁራሪት ዝሆን አክል ብላ፣ ተሰንጥቃ ሞተች» ብሎ ተረተ።
እኔ ጋ የተሰነጠቀው ጋኑ ነው፤
እሷ ገብታበት ዳነች።

መስከረም ላይ አራት ድምፅ ቆጠርኩ፤ አንዱ ወፍራም፣ እንደ ደብተራ፣
ሦስቱ ቀጫጭን፣ እየተቀባበሉ፣ እስኪነጋ ድረስ ተራ በተራ።
ከዚያ ጥቅምት መጣ። ውርጩ ወረደ፤
ድምፁ ሁሉ ባንድ ሌሊት ሄደ።
አሉ? የሉም? ጋኑ አጠገብ ተቀምጬ፣
ገልጦ ማየት አማረኝ፣ እጄን አፈሩ ላይ አስቀምጬ።
አልገለጥኩም።
የተኛ ሰው ብርድ ልብስ ማን ይገፋል?

ትናንት ማታ፣ ውርጩ ጎመኑ ላይ እንደ ጨው ሲነሰነስ፣
አጥሩ ተንኳኳ።
እመት ደብሪቱ ናት፤ እስካፍንጫዋ ተከናንባ፣
ብብቷ ሥር አፉ የተሸረፈ ማድጋ ይዛ።
«ይቺም ማፍሰስ ጀመረች» አለች፣ ዓይኗን ወደ ጌሾው ጥላ፤
«እንግዲህ... ለነዚያ...» ስማቸውን ሳትጠራ።
ተቀበልኳት። ልትሄድ ዞር አለች፤
ደግሞ ቆመች፤
«ለመሆኑ» አለች፣ ድምፅዋን ቀንሳ፣
«አፉን ወደየት ነው የሚያዞሩት?»